ቢጫው ከየት መጣ?

እህቴ፣ የባለቤትሽ ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ሱሪው ያለ ቀበቶ አልቆም ብሎት እያየሽ «ወፍ ነው፣ ያልፋል» ብለሽ አትቀመጪ። ሰበታም ሆነ ቡራዩ፣ ሱሉልታም ቢሆን ሰው ቢጫ ዓይን ሲያይ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋ ጥላዋ አርፎበት ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድም የታወቀ ነው። የወፍ መድኃኒት የሚሰጡ አዋቂ ይፈለጋሉ፣ ቅጠል ይጨመቃል፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል፣ «እስኪ ሁለት ሳምንት እንየው» ይባላል። በጤና ጣቢያ በነርስነት ሳገለግል አንጀቴን የበሉት ሕመምተኞች በዚህ «እስኪ እንየው» ውስጥ የከረሙት ናቸው። ከነሱም መካከል በጥቂት መርፌ ይድኑ የነበሩ አሉ።

ዓይን ብቻውን ቢጫ ሲሆን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት የሚለቅ የጉበት ሕመም ይሆናል። ከመጥቆርና ከመክሳት ጋር ሲመጣ ግን ነገሩ የቆየ ነው ማለት ነው። ቆዳ በአንድ ሳምንት አይጠቁርም፤ ጉንጭም በአንድ ሳምንት አይሰረጉድም። ሦስቱን አንድ ላይ ካየሽ ቀን አትቁጠሪ፤ ውሰጂው።

ሐኪሙ የሚጠይቅሽ እንዲገባሽ ቢጫው ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። ሲያረጅ ሰውነት ያፈርሰዋል፤ ከፍራሹም ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበት ይህን ተቀብሎ በውሃ የሚሟሟ ያደርገውና ከሐሞት ጋር በቱቦ ወደ አንጀት ይልከዋል። ሰገራ ቡናማ የሚሆነው ከዚሁ በሚመነጭ ቀለም ነው። እንግዲህ ችግሩ ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው። ወይ ደሙ ከልክ በላይ እየፈረሰ ነው፤ ወይ ጉበቱ ራሱ ታሟል፤ ወይ ከጉበት የሚወጣው ቱቦ ተዘግቷል። የሦስቱ ሕክምና ፈጽሞ የተለያየ ነው። ለሦስቱም አንድ ቅጠል የሚጨምቅ ሰው የትኛውን እያከመ እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ከቤት ሳትወጪ ልታዪው የምትችይው ነገር አለ። በጠዋት ብርሃን ወደ በሩ አውጪውና የላይኛውን የዓይን ቆብ ከፍ አድርገሽ ወደ ታች እንዲያይ ንገሪው። የኛ ሰው ዓይን ነጩ ክፍል በተፈጥሮው ቡናማ ነጠብጣብ ሊኖረው ይችላል፤ ፀሐይና አቧራም ያደፈርሱታል። እውነተኛው ቢጫ ግን ነጩን እኩል ይሸፍነዋል፤ ምላሱን ወደ ላይ ሲያነሳም ከሥሩ ይታያል። ካሮትና ዱባ አብዝቶ የሚበላ ሰው መዳፉ ቢጫ ይሆናል፤ ዓይኑ ግን አይነካም። ቀጥሎ ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት በሚያሳይ የውሃ ጠርሙስ ይያዝልሽ። ኮካ ኮላ የመሰለ ከሆነ፣ ሰገራውም ነጥቶ አመድማ ከሆነ፣ ቱቦው ሳይዘጋ አልቀረም። ሰገራው እንደወትሮው ሆኖ፣ ሽንቱም እምብዛም ሳይጠቁር ዓይኑ ብቻ ገረጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ደሙ ይሄዳል።

አሁን ሸሚዙን አስወልቂና ከትከሻው በላይ ሆነሽ ጀርባውን እዪ። ሐሞት ወደ ደም ሲመለስ ሰውነት ያሳክካል፤ ሌሊት የባሰ ነው፤ ሰው በጥፍሩ ይፍቃል፣ የተፋቀው ይጠቁራል። ታዲያ እጅ የማይደርስበት የመሀል ጀርባ ቀለሙ የቀድሞው ሆኖ ዙሪያው ብቻ ከጠቆረ፣ ጥቁረቱ ከማከክ የመጣ ነው። የጠቆረው የጣቶቹ አንጓ፣ የጥፍሩ ዙሪያና መዳፉ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የመዳፉ መስመሮች፣ ድዱና የድሮ ጠባሳው ከጠቆሩም ሌላ ነው። ይህን አይተሽ ለሐኪሙ ብትነግሪው ግማሹን ሥራ አገዝሽው።

ከጣት አንጓው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የማያስበው እሱን ነውና። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ቢጫነትን፣ መጥቆርንና መክሳትን ሦስቱንም አንድ ላይ ሊያመጣ ይችላል። ቢ12 ሲጠፋ መቅኔ የሚሠራቸው ቀይ የደም ሴሎች ከልክ በላይ ይገዝፋሉ፤ አብዛኞቹም ወደ ደም ሥር ሳይወጡ እዚያው መቅኔ ውስጥ ይፈርሳሉ። ከፍራሹ ቢሊሩቢን ይወጣና ዓይን የሎሚ ቢጫ ይይዛል። ምላስ ልሙጥ ሆኖ በርበሬ አልቀምስ ይላል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሰውነት ይከሳል። እግር ይደነዝዛል፤ አንዳንዱ በጨለማ ሲሄድ ይንገዳገዳል።

ከሱሉልታ ወጣ ካለ መንደር የመጡ አንዲት እናት አሁንም ዓይኔ ላይ አሉ። ጣቶቻቸው ከአንጓ እስከ ጥፍር ጠቁረው፣ ሌላው እጃቸው የድሮው ጠይም ነበር። እግራቸውን ሲጠየቁ «ጥጥ ላይ የምሄድ ይመስለኛል ልጄ» አሉ። ቤተሰቡ ወፍ ነው ብሎ የሰንሰል ቅጠል ሲያጠጣቸው ከርሟል። ደማቸው እጅግ ወርዶ ነበር። ሐኪሙ የቢ12 መርፌ አስጀመራቸው፤ ምግብ መቅመስ የጀመሩት መድኃኒቱ በተጀመረበት ሰሞን ነው፤ ዓይናቸው ጠራ፣ ቀስ እያለም የጣታቸው ጥቁረት ለቀቀ። የእግር መደንዘዙ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋቸውም። ነርቭ ብዙ ሲቆይ እንዲህ ነው።

ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የላቸውም። የጾማችን ቀናት በዓመት 180 ገደማ ናቸው፤ ጾም ብቻውን ግን ሰውን እዚህ አያደርስም፤ ጉበት የብዙ ጊዜ ስንቅ ያከማቻልና። ችግሩ የሚብሰው በፍስኩም ሥጋና እንቁላል በማይገባበት ቤት ነው፣ ወይም ጨጓራው ቫይታሚኑን መቀበል ባቃተው ሰው ላይ ነው። ጨጓራው የቆየ ሕመም ያለበት፣ ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ እየገዛ ዓመታት የዋጠ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። አንድ ነገር አደራ፤ «ደም ማነስ ነው» ተብለሽ የፎሊክ አሲድ ክኒን ብቻ ገዝተሽ አትስጪው። ፎሊክ አሲድ ደሙን ከፍ ያደርገዋል፤ እናንተ ዳነ ብላችሁ ስትደሰቱ ነርቩ ከሥር መጎዳቱን ይቀጥላል።

ጉበቱ ራሱ ታሞ ከሆነ በአገራችን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሰው ጉበት ሲባል አረቄ ይታየዋል። አረቄ ጉበት እንደሚያጠፋ እኔም አልክድም፤ ግን ጠብታ ቀምሰው የማያውቁ ሰዎች ጉበታቸው ሲጠና ዘመድ «በድብቅ ይጠጣ ነበር» እያለ ሲያማቸው ሰምቻለሁ። ይህ ግፍ ነው። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ይተላለፋል፤ በልጅነት በአንድ ምላጭ እንጥል ሲቆረጥ፣ ሲገረዝ፣ በንቅሳት መርፌ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይተላለፋል። ከዚያ ሃያ ሠላሳ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ጉበቱ ጠባሳ እየሆነ ሲሄድ ሰውየው ይደክማል፣ ይከሳል፣ ፊቱ ይጠወልግና ይጠቁራል፤ ዓይኑ ቢጫ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ላይ ነው። የጉበት ካንሰርም ከዚሁ ሊነሳ ይችላል።

በ2007 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር ሆኖ ለሄፓታይተስ ቢ ሕሙማን ሰፊ የሕክምና ፕሮግራም ጀመረ፤ ከ1,000 በላይ ሰዎችንም መዝግቦ ተከታተለ። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ነው፤ በቀን አንድ ክኒን፣ ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው ከሚሰጡት አንዱ። ከዚያ ሥራ የተገኘውን አንድ ነገር በደንብ ያዥልኝ፦ ሕክምና ጀምረው ከሞቱት አብዛኞቹ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሮ፣ ጉበታቸው ደክሞ የመጡት ናቸው። ክኒኑ አንድ ነው፤ የለያያቸው የመጡበት ጊዜ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ደግሞ ዛሬ በ12 ሳምንት ክኒን ከመቶ ዘጠና አምስቱ የሚድንበት ሆኗል፤ ግን ሳይመረመር የሚታወቅበት መንገድ የለም። ጫት በየቀኑ የሚቅም ከሆነም አትሸፋፍኚለት። በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት የረጅም ጊዜ ጫት ቃሚነትን ከቆየ የጉበት በሽታ ጋር አገናኝቶታል።

ክረምት ላይ በቆሸሸ ውሃ የሚመጡት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ድንገት ያጣድፋሉ፤ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ከዚያ ቢጫ። አያጠቁሩም፣ ብዙ ጊዜም በራሳቸው ይለቃሉ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ሌላ ነው፤ ሄፓታይተስ ኢ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከተያዙት እስከ 25 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። በ2006 ዓ.ም. በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያዎች የተነሳው ወረርሽኝ ይኸው ሄፓታይተስ ኢ ነበር። ነፍሰ ጡር እህት፣ ጎረቤት፣ የቤት ሠራተኛ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ አንድ ሌሊት አታሳድሪያት።

ሦስተኛው ቦታ ቱቦው ነው። የሐሞት ጠጠር ሲዘጋው ብዙውን ጊዜ ያማል፤ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች፣ ቅባት ከበላ በኋላ። ከዚህ ላይ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ከተጨመረ ቱቦው መርቅዟል፤ ያን ዕለት ሆስፒታል ነው። ወስፋትም ወደ ቱቦው ሊገባ ይችላል። የሚያስፈራኝ ግን ምንም ሳያመው ቢጫ የሆነ፣ እያሳከከው የጠቆረ፣ እየበላ የሚከሳ፣ በተለይ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው ነው። ሰገራው ይነጣል፣ ቅባት ይዞ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። አንዳንዱ በዚሁ ሰሞን ድንገት ስኳር አለብህ ይባላል። የቆሽት ራስ ላይ ወይም ራሱ የሐሞት ቱቦው ላይ ዕጢ ሲበቅል እንዲህ ነው አመጣጡ። ሰው «አያመኝም እኮ» እያለ ይዘናጋል፤ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ ግን ያ የማያመው ጊዜ ነው። ደግሞም በአልትራሳውንድ እብጠት ታየ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም። በቱቦው ዙሪያ ያሉ ንፍፊቶች በቲቢ አብጠው ሊጫኑት ይችላሉ፤ ቲቢ ደግሞ በክኒን ይድናል። ስለዚህ ውጤቱን ሰምታችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ ወደ ቤት አትመለሱ፤ ናሙናው ይወሰድ።

የመዳፉ መስመርና ድዱ የጠቆረበት ሰው ሌላ ታሪክ አለው። ኩላሊት ላይ የተቀመጡ አድሬናል የሚባሉ ትንንሽ ዕጢዎች ሲደክሙ ሰው ይጠቁራል፣ ይከሳል፣ ጨው ጨው ይለዋል፣ ከተቀመጠበት ሲነሳ ያዞረዋል። በሽታው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1855 ከገለጸው እንግሊዛዊ ሐኪም ከቶማስ አዲሰን ነው፤ ከመነሻዎቹ አንዱ ቲቢ ነው። ይህ በሽታ ዓይንን ቢጫ አያደርግም። ነገር ግን የቲቢ መድኃኒቶች፣ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ፣ ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ጠቁሮ የከሳው ሰው መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ቢጫ ሊሆን ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ዓይኑ ቢጫ ካለ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወደሚወስድበት ጤና ጣቢያ ይመለስ፤ ክኒኑን በራሳችሁ አቋርጣችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ዝም ብላችሁም አትዋጡ። ኤች አይ ቪም ያከሳል፣ ያጠቁራል፤ ሄፓታይተስ ቢ አብሮት ሲኖር ጉበቱ ቶሎ ይደክማል። ምርመራውን አትፍሩት።

ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወይም መተማ ወርዶ የተመለሰ ከሆነ ይህን ሳይጠየቅ ይናገር። እኛ ያለንበት ደጋ ነውና እዚህ ያለ ሐኪም ወባና ካላዛር ቶሎ ላይታሰበው ይችላል። ካላዛር ለወራት ያተኩሳል፣ ያከሳል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሲጠና ቢጫ ያደርጋል፤ ካልታከመ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ሲነሳ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። የቀን ሥራ እየሠራ በጋራ ቤት የሚያድር፣ ልብሱ ቅማል የያዘ ሰው ድንገት አተኩሶት ቢጫ ከሆነ ግርሻ የሚባለው ትኩሳትም ሊሆን ይችላል። የአበባ እርሻ ላይ ኬሚካል የሚረጭ ከሆነም ይህንኑ ንገሪያቸው።

በስልኩ ፈልጎ ብረት በሰውነት ተከማችቶ ቆዳን የሚያጠቁር፣ ጉበትን የሚያጠፋ በሽታ አንብቦ «ጤፍ ነው የጎዳኝ» ቢልሽ አትደንግጪ። በሽታው አለ፤ በብዛት በአውሮፓውያን ዘር ላይ በውርስ የሚታይ ነው። ከጤፋችን ውስጥ ያለው ብረት ብዙው ከአውድማ አፈር የገባ ስለሆነ ሰውነት እምብዛም አይቀበለውም። እንጀራውን ይብላ።

አሁን ወደ ቅጠሉ። የአባቶቻችንን የመድኃኒት እውቀት የምንቅ ሰው አይደለሁም። ግን ሰንሰል ጠጥቶ የዳነ ሰው ሁሉም ሰፈር ይኖራል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሄፓታይተስ ኤ ወይም ኢ የያዘው ሰው ምንም ባይጠጣም በጥቂት ሳምንታት ይድን ነበር፤ ምስጋናውን ቅጠሉ ወሰደው። ያንኑ ቅጠል የጉበት ጠባሳ ላለበት፣ ቆሽቱ ላይ ዕጢ ላለበት፣ ቢ12 ለጎደለው ሲሰጡት የሚባክነው ጊዜ ነው። እንዶድና ብሳና ደግሞ ጊዜ ከማባከንም ያልፋሉ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ የቢልሃርዝያ መከላከያ ምርምራቸውም የተነሳው ከዚያ ነው። ያንን የመሰለ ኃይለኛ ነገር የከሳ፣ ጉበቱ የደከመ ሰው ሲጠጣው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያደርቀዋል። ከመጠጡ ጋር በምላጭ መብጣት ካለበት ደግሞ ያ ምላጭ ከሱ በፊት ማን ላይ እንደነበር ጠይቂ።

«ከመሬት የበቀለ ነገር አይጎዳም» የሚሉሽን ታሕታይ ቆራሮ ላይ ምን እንደደረሰ ንገሪያቸው። በ1990ዎቹ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ሽሬ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ምክንያቱ ባልታወቀ የጉበት በሽታ ይከሱ፣ ሆዳቸው ይነፋ ጀመር፤ የሞቱም ብዙ ናቸው። ተላላፊ ነው ተብሎ ተፈራ፣ ውሃው ተመረመረ። ዓመታት ከፈጀ ምርመራ በኋላ ጥርጣሬው ያረፈው እህላቸው ውስጥ ተቀላቅሎ በሚወቃ አረም ላይ ነው፤ ዘሩ ጉበትን የሚያጠፋ መርዝ አለው። አረም ነው፣ ከማሳቸው የበቀለ።

ፀበሉንስ? ሂዱ። ከሱሉልታ ስትወርዱ እንጦጦ መንገዳችሁ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከፀበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለጉበትም ከዚህ የተለየ ነገር አይባልም። ክኒኑን ይዞ ይሂድ። እየከሳ ያለ ሰው ጾም እንዲፈታም የንስሐ አባቱን አናግሪ፤ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል። ቢጫ ያለበትን ሰው «ቅባት ያገኘዋል» ብሎ ሻይና ስኳር ብቻ ማጠጣትም የተለመደ ነው፤ አታድርጊው፤ ሐኪም ካልከለከለው እንቁላልም ወተትም ይብላ። የሚከለከለው መጠጥ ነው፤ ጠላም ቢሆን።

አሁን መንገዱን ልንገርሽ። መጀመሪያ ከሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ካርድ ይወጣለት። የጤና መድን ካላችሁ ሪፈር ሳይጻፍ ሆስፒታል መሄድ ወጪውን ራሳችሁ ላይ ይጥለዋል። እዚያው ብዙ ነገር ይሠራል፦ ሙሉ የደም ምርመራ፣ የጉበት ምርመራ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ኤች አይ ቪ፣ የወባ ስላይድ፣ ሽንትና ሰገራ። በሙሉ የደም ምርመራው ወረቀት ላይ የቀይ ደም ሴሎቹ መጠን ከልክ በላይ ትልቅ ነው ከተባለ ቢ12ን አንሺ፤ ናሙናውም መርፌው ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። የቢሊሩቢኑን ውጤት ስትጠይቂ «የትኛው ነው የበዛው፣ ጉበት ያለፈው ወይስ ያላለፈው?» በይ። አትፈሪ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ጉበት ያለፈው ከበዛ አልትራሳውንድ ሳይነሳ እንዳትወጡ።

ሪፈር ከተጻፈ ቡራዩ ላለ ሰው በአስኮ በኩል ጳውሎስ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ከሱሉልታም በአዲሱ ገበያ ይወረዳል። ከሰበታ በዓለም ገና አድርጎ በአየር ጤና ለሚመጣ አለርት ሆስፒታል መንገዱ ላይ ነው፤ የቆዳው ጥቁረት ምን እንደሆነ የሚለይ የቆዳ ሐኪም እዚያ ይገኛል። በሌሊት ተነሱ፣ ተራው ረጅም ነው። ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ የጨረሰውንም ባዶ ካርቶን፣ የጠጣውንም ቅጠል በላስቲክ ይዘሽ ሂጂ። ቅጠል ጠጥቷል ስትይ ቢቆጡሽም አትደብቂ፤ ሐኪሙ ያንን ካላወቀ ሌላ ነገር ሲፈልግ ይውላል። ፓራሲታሞል እንደልቡ የሚውጥ ከሆነም ንገሪያቸው፤ ጉበቱ እስኪታወቅ ከራሳችሁ አትጨምሩለት።

ተራ የማይጠበቅበት ቀንም አለ። ቀን እንቅልፍ እየወሰደው ሌሊት ከቀባዠረ፣ የሚያውቀውን ሰው ስም ከሳተ፣ ደም ካስመለሰ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆዱ ድንገት ከተነፋ፣ እየተንቀጠቀጠ ካተኮሰው ካርድ ላውጣ አትበይ፤ በተገኘው መኪና ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ውጤቱ ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ሳህኑን አትለዪ። በእንጀራ፣ በብርጭቆ፣ በመሳምና በአንድ አልጋ በማደር ብቻ አይተላለፍም፤ ምላጩን፣ የጥፍር መቁረጫውንና የጥርስ ብሩሹን ብቻ ለብቻው ያድርግ። አንቺ ግን ተመርመሪ፤ ነፃ ከሆንሽ ክትባቱን ጠይቂ፣ እስክትጨርሺም ኮንዶም ተጠቀሙ። ለልጆች የሚሰጠው ባለ አምስቱ ክትባት ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የተከተቡት አግኝተውታል። ከዚያ በፊት የተወለዱት፣ ታላላቆቹ ልጆችሽም፣ እሱም፣ ወንድሞቹም፣ አላገኙም። ነፍሰ ጡር ከሆንሽም ለእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ይህንኑ ንገሪያቸው፤ ለሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ክትባት አለ፣ የት እንደሚገኝ ከአሁኑ ጠይቂ። የልጆቹን የክትባት ካርድ ፈልገሽ አውጪና እሱን ስትወስጂ አብረሽ ያዢው።